«ጎንደር እኮ የአንድ ሰዓት በረራ ነው!»

አዲስ አበባ ውስጥ ሩቅ አገር የሚባል ነገር ከጠፋ ቆየ። ካፌ ገብታችሁ ጆሮ ብትጥሉ ትሰሙታላችሁ። ጎንደር የአንድ ሰዓት በረራ ነው። ባሕር ዳር ከዚያም ያንሳል። ዱባይ አራት ሰዓት ነው፤ ቁርስ እዚህ፣ ምሳ እዚያ። ዋሽንግተን እንኳን «አንድ እንቅልፍ ናት» ትባላለች፤ ሄዶ የመጣውም፣ ቪዛ የተከለከለውም እኩል ይላታል። ኪሎ ሜትር የድሮ ሰው መለኪያ ሆኗል። አገሪቱ በበረራ ደቂቃ ተለክታ፣ ተጣጥፋ፣ የቦሌ ልጅ ኪስ ውስጥ ገብታለች።

እኛ ከዚህ አነጋገር ጋር ጠብ አለን። ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ እውነት ነው። ከቦሌ እስከ አዘዞ፣ ማለትም እስከ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሰማይ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ተነስቶ፣ ከፍታውን ይዞ፣ ሻይዎን ሳይጨርሱ መውረድ ይጀምራል። በመኪና ያው ጉዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዓባይን ወርዶ መውጣት አለበት፣ ጎጃምን ማቋረጥ አለበት፣ ጣናን መዞር አለበት። የጠባችን ምክንያት የአንድ ሰዓቱ እውነት የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሁላችንም ተደርጎ መነገሩ ነው። የአንድ ሰዓቷ ጎንደርና የሁለት ቀኗ ጎንደር ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። በአንደኛዋ የሚኖሩት ሰዎች ሁለተኛዋ መኖሯን ረስተዋል።

እስኪ ጉዞውን ከአዘዞ እንቀጥለው። ከአውሮፕላን ወርደን ጎንደር ከተማን አልፈን ወደ ሰሜን እናቅና። ዳባትን ይዘን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ደባርቅ እንገባለን። እዚህ ድረስ ብሮሹሩም ይመጣል። «የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት በረራ፣ ከዚያ አጭር የመኪና ጉዞ።» ዋልያው አለ፣ ጭላዳው አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ሁሉም ደግ ነው። ቱሪስቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ውስጥ ከታች እንደ ጭስ የሚታየው ሰማያዊ ነገር ቆላ ነው። ቆላው ውስጥ ደግሞ ሰው አለ።

ዛሪማ እዚያ ናት። ከደባርቅ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ፣ ሊማሊሞን ወርዳችሁ ስትጨርሱ ሙቀቱ ፊታችሁን ሲመታው የምታገኟት የሰሜን ጎንደር ከተማ። የማታውቋት ካላችሁ አይፈረድባችሁም፤ ብሮሹሩ እሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ካርታ ላይ ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ቋንቋ ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ! የወንበር ቀበቶ ለማሰር እንኳን የማይበቃ ጊዜ።

መሬት ላይ ግን ሊማሊሞ አለ።

ሊማሊሞን ላላየ ማስረዳት ከባድ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋቢ ካልደረባችሁ ማታ አትቀመጡም። ዛሪማ ከእሷ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላለች። ያን ሁሉ ቁልቁለት መንገዱ በአንዴ አይወርደውም፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አንዱን ኩርባ ትጨርሱና የጀመራችሁበትን ቦታ ቀና ብላችሁ ታዩታላችሁ። ጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ የሚወርደው ደግሞ ፍሬኑ እየሸተተ ይወርዳል። ሁለቱ ኩርባ ላይ ሲገናኙ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ድንጋይ ይዞ ጎማ ሥር ይቆማል። ክረምት ሲሆን ተራራው መንገዱ ላይ ይናዳል። አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ ከቆመ ሰሜን ጎንደር ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፤ ከላይ ያለው ከላይ፣ ከታች ያለው ከታች ያድራል። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለማስመሪያ ነው እንዴ ያሰኛል።

እንግዲህ ከዛሪማ የተነሳ ሰው አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። መኪና እስኪሞላ ይጠብቃል። ሊማሊሞን ይወጣል። ደባርቅ ላይ ሌላ መኪና ይፈልጋል። ጎንደር ሲደርስ መሽቷል ወይ ሊመሽ ነው፤ አልጋ ይዞ ያድራል። በማግስቱ ገና በጨለማ መናኸሪያ ተገኝቶ አውቶቡስ ይሳፈራል። በሰላሙ ዘመን፣ ሁሉም ነገር ቀንቶት፣ ሁለት ቀን። አሁን ከዋሽንግተን የሚመጣውን ወንድሙን እናስብ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያለማረፍ ሲመጣ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት ቢነሱ ውቅያኖስ ያቋረጠው ቀድሞ ቦሌ ይደርሳል፤ ሻንጣውን ይወስዳል፣ ሆቴል ገብቶ ገላውን ይታጠባል፣ ይተኛል። የዛሪማው ገና ጎንደር መናኸሪያ ነው። እና ከመካከላቸው «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ» ተብሎ በአበባ የሚጠበቀው ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ ወደ ነገራችን የሚመለስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ ይመጣል። ሲሄድ ግን ለዓመታት መንገድ ላይ አንድ ቦታ እያረፈ፣ ነዳጅ እየሞላ ነው የሚበረው። ያው አውሮፕላን፣ ያው መስመር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ነፋስ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የሚመጣውን ይገፋዋል፣ የሚሄደውን ይገታዋል። ሁለተኛው ቦሌ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ ለታቀደው አዲስ ኤርፖርት ከሚጠቀሱት ጥቅሞች አንዱ ቦታው ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ነው።

እያየን ነው? ለአውሮፕላን ሲሆን ከፍታ ይቆጠራል። ነፋስ ይቆጠራል። ጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት በቢሊዮን ዶላር ክርክር ውስጥ ይገባል። ጉዞ ቀጥታ መስመር አለመሆኑን፣ መሄጃና መመለሻ እኩል አለመሆናቸውን ኢንጂነሩ ያውቃል፣ ሚኒስትሩም ያውቃል። ለሊማሊሞ ሲሆን ግን ዝም። ምጥ የያዛት ሴት ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ነገሩ ከጠና ደግሞ ወደ ጎንደር ስትላክ፣ እነዚያን አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትሮች የሚቆጥርላት ማን ነው? ለእሷ ርቀት ማለት አምቡላንሱ ስንተኛው ኩርባ ላይ እንዳለ ነው። ከፊቱ ተሳቢ ከቆመበት ደግሞ ርቀት ማለት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ከላይዋ የሚያልፍ አውሮፕላን ካለ፣ የሊማሊሞን አንድ ኩርባ ሳትጨርስ አልፏት ሄዷል።

«እሺ፣ መልክዓ ምድሩ ነው፤ እግዜር የሠራውን ምን እናድርገው?» የሚል አይጠፋም። እኛ ደግሞ ርቀትን እግዜር ብቻ አልሠራውም እንላለን። ለዚህ ምስክር ከዛሪማ የተሻለ ቦታ የለም።

በከተማዋ የሚያልፈው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት ነበር። ሊማሊሞን የቆረጠው ጣሊያን እንጂ እኛ አይደለንም (ይህን ስንጽፍ ደስ እያለን አይደለም)። ማስመሪያችንን መልሰን እናንሳ። ከዛሪማ አዲስ አበባ በቀጥታ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዛሪማ አስመራ ደግሞ 250 ገደማ። ግማሹ! አሁን አንድ የዛሪማ ወጣት ጠርታችሁ አስመራና አዲስ አበባ የትኛው ይቀርብሃል ብትሉት ይስቅባችኋል።

አስመራ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ ደጃፍ ነበረች። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ በኩል ነው። በቀጥታ 700 ኪሎ ሜትር ናት፤ ከጎንደር በረራ ብዙም አትርቅም። ታዲያ ከአዲስ አበባ አስመራ ስንት ሰዓት ነው? መልሱ እንደ ዓመቱ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይል ነበር። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ሃያ ዓመት ሆነ። እህትና ወንድም ለመተያየት ሦስተኛ አገር ይቀጣጠሩ ነበር፤ እናት ስትሞት በስልክ ይረዱ ነበር፣ ስልኩም ከሠራ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት አስመራ ላይ መሬት የሳሙትን፣ አንገት ለአንገት ተያይዘው ያለቀሱትን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። እንደገና አንድ ሰዓት ሆነ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በረራው ቆመ። አውሮፕላኑ አልፈጠነም አልዘገየም፤ ከተሞቹም ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

መቀሌም እንዲሁ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የአንድ ሰዓት ጉዞ የነበረችው ከተማ ከጨረቃ ራቀች፤ ታህሳስ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በረራው ሲቀጥል ነው ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሄደው በዓይናቸው ያረጋገጡት። ጎንደር ራሷም ብትሆን፣ ያቺ የአንድ ሰዓቷ ጎንደር፣ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ 2015 ውጊያው ከተሞች ውስጥ ሲገባ በረራዋ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ሳምንት ካፌ ውስጥ «ጎንደር አንድ ሰዓት ነው» ያለ ሰው አልሰማንም።

ዛሪማ ደግሞ ይህን ሁሉ ያየችው ከአውሮፕላን መስኮት አይደለም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲአርቃይና ወደ ዛሪማ አካባቢ ሲገባ ሕዝቡ ወደ ደባርቅ ተፈናቀለ። ያንን ዳገት እንውጣው፤ ልጅ ታዝሎ፣ ሽማግሌ ተደግፎ። ሁለት ደቂቃ ያልነው ነው። ካርታው ላይ ማስመሪያ የሚያስቀምጥ ሁሉ አንድ ጊዜ ያንን መንገድ በእግሩ ቢወጣው እንወዳለን፤ ሲወጣ ሰው ሰላም ይሁንለት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እሱ ነውና።

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጨርሰው ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚሄዱ ተማሪዎች ከሌሎች መንገደኞች ጋር በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ ነበር። ሰሜን ሸዋ፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ሲደርሱ ታጣቂዎች አውቶቡሶቹን አስቁመው አገቷቸው። ከመቶ በላይ ሰው ነው ስንል የአንድ መንደር ልጆች ሁሉ ማለታችን ነው። ቤተሰብ ስልክ ተደወለለት፤ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቀ። ያለው ከብቱን ሸጠ፣ የሌለው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ ቆሞ ለመነ። ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በሌሎች ዓመታትም፣ በሌሎች መንገዶችም ተማሪ ታግቷል።

ያን ቀን ከጎንደር ወደ ቦሌ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ጉዞው አንድ ሰዓት ነበር። ተማሪዎቹ ለምን አልተሳፈሩበትም? ጅል ጥያቄ ነው፤ ግን ጮክ ብለን እንጠይቀው። ዩኒቨርሲቲ የተመደበ የገበሬ ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ከየት ያምጣ? የአውቶቡሱን አጠራቅሞ ነው የመጣው።

የአንድ ሰዓት በረራ እንግዲህ የፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ድሮ አውሮፕላን የምትሳፈረው ስለቸኮልህ ነበር፤ ሀብታም ስለሆንክም ነበር። አሁን የምትሳፈረው በሰላም ለመግባት ነው። የትኬቱ ዋጋ የጉዞ ዋጋ መሆኑን አቁሞ የነፍስ መድን ሆኗል። ገንዘብ ያለው መድኑን ገዝቶ ከደመና በላይ ያልፋል፤ የሌለው ከታች ባለው መንገድ ላይ ዕጣውን ይጥላል። መንግሥት መንገዱን የማስጠበቅ ግዴታውን ሳይናገር በየተሳፋሪው ኪስ ላይ አዛወረው፤ እኛ ባለ አንድ ሰዓቶቹም ተስማማን። አልጮህንም። «በአውሮፕላን ሂድ፣ ምን አስጨነቀህ» ብለን እርስ በርሳችን መካከር ጀመርን። ለቅሶ ለመድረስ በአውሮፕላን፣ ሠርግ በአውሮፕላን፤ ያልቻለ ይቅር። ስንቱ የእናቱን ተዝካር በስልክ እንዳወጣ ቤት ይቁጠረው።

እዚህ ላይ «እናንተ አየር መንገዱን ጠላችሁ» የሚለን ይኖራል። እኛ? አፍሪካ ውስጥ አንገታችንን ቀና አድርገን የምናወራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ጅራቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በባዕድ አገር ኤርፖርት ያየ ሰው ደረቱን ሳይነፋ አያልፍም። ነገር ግን ንብረትነቱ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ የዛሪማውም ገበሬ ባለድርሻ ነው። ባለድርሻው በሕይወቱ አንዴ እንኳን የማይሳፈርበትን ንብረት በስሙ ስንኮራበት፣ ቢያንስ መሬት ላይ ያለውን መንገዱን አንርሳበት ነው ያልነው።

ሌላው ደግሞ መፍትሔ ይዞ ይመጣል፤ «ደባርቅም ኤርፖርት ይሠራላት!» ይላል። መቼስ የመሠረት ድንጋይ እንወዳለን። እኛ ግን አልጣመንም። አውሮፕላን ማሽላ አይጭንም፣ ፍየል አይጭንም፣ ከየኩርባው ሰው አያነሳም። ዛሪማ ላይ የታመመ ሰው ደባርቅ ኤርፖርት ቢኖር እንኳ መጀመሪያ ሊማሊሞን መውጣት አለበት። ተጨማሪ ኤርፖርት ማለት ለዚያው ለአንድ ሰዓቱ ሰው ተጨማሪ ማረፊያ ማለት ነው። ቱሪስቱ ጎንደር ሳያድር ጭላዳውን አይቶ ይመለሳል፤ የጎንደር አልጋ አከራይ፣ የዳባት ሻይ ቤት፣ የመንገድ ዳር ቆሎ ሻጭ ከእንግዳው ኪስ የምታገኛት ያቺ ትንሽ ነገርም ትቀራለች።

የምንጠይቀው ከዚህ የቀለለ ነው፤ ለሪባን መቁረጫ የማይመች በመሆኑ ብቻ ከባድ መስሏል። ሊማሊሞ ላይ ክረምት ከበጋ ናዳ የሚጠርግ ማሽን በቅርብ ይቁም። የተበላሸ ተሳቢ ጎትቶ መንገድ የሚከፍት መኪና ደባርቅም ዛሪማም ይኑር። አምቡላንስ ከታችም ይመደብ፤ ከላይ ተጠርቶ ወርዶ፣ እናቲቱን ይዞ እንደገና እስኪወጣ አይጠበቅ። ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱና ሲዘጉ ቀናቸው ይታወቃል፤ በእነዚያ ቀናት መንገዱ ይጠበቅ። መጠበቅ ካልተቻለ ደግሞ አየር መንገዱ ለተማሪ በአውቶቡስ ዋጋ ወንበር ይስጥ፤ ልዩነቱን መንገዱን ማስጠበቅ ያቃተው መንግሥት ይክፈል። ውድ ነው የሚል ካለ፣ ወላጆች ለአጋቾች የተጠየቁትን ገንዘብ ደምሮ ያወዳድር።

ብሮሹር የምታዘጋጁ፣ ቱር የምትሸጡ፣ በቴሌቪዥን ቀርባችሁ «አንድ ሰዓት ብቻ!» የምትሉ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩልን። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ብላችሁ ስትጨርሱ፣ ከሥሩ በዚያው በፊደሉ መጠን በአውቶቡስ ስንት ቀን እንደሆነ፣ መንገዱም በዚያ ሳምንት ክፍት ይሁን ዝግ ጻፉ። ከደባርቅ በታች ያለውን ሰማያዊ ነገርም ስሙን ጥሩት።